ኮሚቴው የሚሰበሰበው ሐሙስ ነው

አዳማ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዩኒት ሊደር (የተማሪ ሥነ ሥርዓት ተከታታይ) ነኝ። ዩኒት ሊደር ስትሆኑ የሚያስረክቧችሁ ቁልፍ ነው። እንዲህ ዓይነት ነገር ሲገጥማችሁ ምን እንደምታደርጉ የሚነግራችሁ የለም።

ሰኞ ረፋድ ላይ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ እዚያው ግቢ ውስጥ በ10ኛ ክፍል ልጅ ጾታዊ ጥቃት ደረሰባት። ዝርዝሩን አልጽፍም፤ የእሷ ጉዳይ ነው። ጓደኛዋ እጇን ይዛ ወደ ቢሮ አመጣቻት።

ቢሮው ወዲያው ሞላ። አንዱ ያጽናናል፣ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው «ልጁን ጥሩትና ፊት ለፊት ይነጋገሩ» ይላል። የጽዳት ሠራተኛችን ደግሞ እናት ናቸውና አንጀታቸው አልችል ብሎ ሸሚዟን ሊያጥቡላት በባልዲ ውሃ ይዘው መጡ። ዳይሬክተራችን (በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች) ገና ከበሩ «እማማ፣ ሸሚዙን አይንኩት!» አለች።

ከጓደኛዋና ከእኔ በቀር ሁሉንም አስወጣች። ልጅቷን የስፖርት ቱታ አልብሰናት ሸሚዙን ካኪ ፖስታ ውስጥ ከተተችው። ፌስታል እርጥበት ያፍናል፤ ማስረጃው ይበላሻል። ከዚያ ዳይሬክተሯ ልጅቷ ያለችውን ብቻ፣ በልጅቷ በራሷ ቃል፣ ከነሰዓቱ ጻፈች። «ለምን እዚያ ሄድሽ?» የለም። «ለምን አልጮህሽም?» የለም። ጽሑፉ ግማሽ ገጽ እንኳን አልሞላም።

የዲስፕሊን ኮሚቴው ሰብሳቢ ቅር አለው። በደንቡ መሠረት ለኮሚቴ ይቅረብ፣ ሁለቱም ይሰሙ፣ ቃለ ጉባኤ ይያዝ አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ወንበር ለሰበረ ተማሪ የወጣው ደንብ ለዚህም የሚሆን መስሎት ነው። ግን ኮሚቴው የሚሰበሰበው ሐሙስ ነው። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት ደግሞ ጥቃቱ ከደረሰ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ያውም ቶሎ ሲሆን ነው የሚሻለው። ከሰኞ ረፋድ 72 ሰዓት ስትቆጥሩ ሐሙስ ረፋድ ላይ ያልቃል። የድንገተኛ እርግዝና መከላከያውም እስከ 5 ቀን ይሰጣል ቢባልም በዘገየ ቁጥር አቅሙ ይቀንሳል። እኛ አጀንዳ ስናጸድቅ የልጅቷ ጊዜ ያልቅ ነበር ማለት ነው።

እናቷን አስጠራናቸው። ባጃጅ ኮንትራት ይዘን አዳማ ሆስፒታል ሄድን። እዚያ ለእንዲህ ዓይነት ጉዳይ የአንድ ማዕከል አገልግሎት አለ፤ ሕክምናውንም፣ የፖሊሱንም፣ የዐቃቤ ሕጉንም ሥራ አንድ ላይ ያገናኛል፤ ተጎጂዋ በየቢሮው እየዞረች ያንኑ ነገር ደግማ ደጋግማ እንዳትናገር ነው።

ልጁስ? መምህራኑ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሹ ዛሬውኑ ይባረር አለ። ግማሹ «ልጅ ነው፣ በሕግ አይጠየቅም» አለ። ሁለተኛው ጭራሽ ስህተት ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ የማይጠየቀው 9 ዓመት ያልሞላው ነው። ከ9 እስከ 15 ላለው የተለየ እርምጃ አለ። 15ን ያለፈው በመደበኛው ሕግ ይዳኛል፤ 18 ካልሞላው ግን ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል። ልጁ 16 ዓመቱ ነው። ስለዚህ ጥፋተኛ ነው ማለትም፣ ነፃ ነው ማለትም የትምህርት ቤት ሥልጣን አይደለም። ሁለቱ እንዳይገናኙ ማድረግ ግን የእኛው ሥራ ነው።

በማግስቱ «ለራሷ ሲባል» ልጅቷ ሌላ ትምህርት ቤት ትዛወር የሚል ሐሳብ መጣ። ብዙ ቦታ የሚደረገውም ይኸው ነው። ዳይሬክተሯ «እሷ ምን አጠፋችና?» ብላ ልጁን ወደ ከሰዓት ፈረቃ አዛወረችው። ደብዳቤው «ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ» ይላል እንጂ ጥፋተኛ የሚል ቃል የለበትም። አባቱ ፈርመው ወሰዱ። የመምህራን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የልጅቷን ስም የጻፈ ጉደኛ ነበር፤ ወዲያው አስጠፋችው።

ረቡዕ ሽማግሌ መጣ። ነጠላቸውን አጣፍተው፤ አንደኛው የወላጅ መምህር ኅብረታችን አባል ናቸው። «ልጆች ናቸው፣ የልጅቷም ስም ይጠፋል፣ በእርቅ እንጨርሰው» አሉ። እኔ በሆዴ፣ የተጨነቁት ለልጁ ስም ነው አልኩ። ዳይሬክተሯ ግን ተነስታ አስቀመጠቻቸው፣ ሻይ አስመጣች።

«አባቶቼ፣ መምጣታችሁን አከብራለሁ። ግን የተጣላ ሰው የለም እኮ። የተበደለች ልጅ ናት ያለችው። ጉዳዩም ከሰኞ ጀምሮ ፖሊስ እጅ ነው፤ እኔ ብፈልግም አልመልሰውም።»

ሻያቸውን ጠጥተው ሄዱ። እንዲህ ያለው ክስ የመንግሥት ነው፤ ቤተሰብ ስለታረቀ አይዘጋም።

የቀረው የግቢው በር ነበር። የጠዋቱ ፈረቃ ሲወጣ የከሰዓቱ ይገባል፤ በዚያች በር ተማሪው ተጋፍቶ ነው የሚተላለፈው። ስለዚህ ልጁ ደወል ከተደወለና ግቢው ጭር ካለ በኋላ እንዲገባ ተወሰነ። የሒሳብ መምህሩ «በየቀኑ የመጀመሪያው አሥር ደቂቃ ያመልጠዋል» ብሎ አማረረ። ዳይሬክተሯም «ከክፍል በኋላ አካክስለት» አለችው። እያጉረመረመም ቢሆን አካካሰለት።