የአክስቴን የሕይወት ታሪክ ሳዘጋጅ ስምንት ዓመት እንዴት እንደጠፋብኝ

አክስቴ ድሬዳዋ ውስጥ 17 ዓመት ነርስ ነበረች። በ1972 በባቡር ጅቡቲ ወጣች፤ ከዚያም ካናዳ ገባች። እዚያ የነርስነት ወረቀቷ ስላልተያዘላት በአዛውንቶች መጦሪያ ሰው እያጠበች፣ እያለበሰች፣ እያጎረሰች ጡረታ ወጣች። ኅዳር 10 ቀን 2016 በ84 ዓመቷ ቶሮንቶ አረፈች። ቀብሯ እዚያው ሆነ። ተዝካሯን ድሬ ላይ ለማውጣት ስንነሳ የሕይወት ታሪኳን የማዘጋጀቱ ሥራ እኔ ላይ ወደቀ። ድሬና ሐረር ውስጥ እህት ወይ አክስት ውጭ የሌለበት ቤት ጥቂት ስለሆነ፣ ነገ ይህ ሥራ ለሚደርሰው ሰው ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ አርባውን ቁጠሩ። ያረፈችው በቶሮንቶ ማታ 2 ሰዓት ላይ ነው፤ በኅዳር በሁለቱ ከተሞች መካከል የ8 ሰዓት ልዩነት ስላለ እኛ ጋ ሌሊት 10 ሰዓት፣ ኅዳር 11 ሆኖ ነበር። ቤተሰቡ በዚህ ሁለት ቀን ተከራከረ። እኔ የምለው ያረፈችበት አገር ቀን ይያዝ ነው። ያ ቀን አንድ ተብሎ ሲቆጠር አርባው ታኅሣሥ 19 ላይ ዋለ።

የልደት ቀን ቀጥሎ ይመጣል። የካናዳ መታወቂያዋ ጃንዋሪ 1 ቀን 1939 ይላል። ይህ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1931 ነው። ውጭ ያለ ዘመዳችሁ ልደት ሲመነዘር ታኅሣሥ 22 ወይም 23 ላይ ካረፈ አትመኑት፤ ብዙ ጊዜ ቀኑን ለማያውቅ ስደተኛ ጸሐፊው የሞላው ነው። እኛን ያዳነን የክርስትና ቀኗ ነው። ሚያዝያ 10 ቀን 1931 ተነሳች። ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ስለምትጠመቅ ወደ ኋላ ሲቆጠር ጥር 21፣ አስተርእዮ ማርያም፣ ላይ ይደርሳል። የክርስትና ስሟም ወለተ ማርያም ነው። ስሙና ቀኑ ሲገጥሙ ያን ጊዜ እርግጠኛ ሁኑ።

ሰው መጠየቁን በተመለከተ አንድ ምክር አለኝ፤ ሽማግሌዎችን ጠዋት ከ4 ሰዓት በፊት ሂዱባቸው። ከሰዓት በበርጫ ላይ፣ ጫት ሲቃም፣ ወሬው ይጣፍጣል፣ ዓመተ ምሕረቱ ግን ይሳሳታል። «ምን ዓይነት ሰው ነበረች?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ «ደግ ነበረች» ነው፣ እሱን ደግሞ ታውቁታላችሁ። «መርፌ ልትወጋ ስትመጣ ምን ይዛ ነበር?» በሉ። ለእኔ የነገሩኝ ይህንን ነው፤ የመስታወት ሲሪንጁን በቆርቆሮ ሳጥን ይዛ ትገባለች፣ ውኃ በላምባ ምድጃ ታስጥዳለች፣ መርፌው እስኪቀቀል የልጁን እግር እያሻሸች «ኤሳቱ ሲ ዱኩባ?» ትላለች። የቱ ጋ ነው የሚያምህ ማለቷ ነው። መጋላ ሰፈር የኖሩ አንዲት እናት ይህን በአክስቴ ድምፅ አስመስለው ሲሉልኝ ስልኬ እየቀዳ ነበር። ያ ቅጂ ከሠራሁት ሁሉ ይበልጥብኛል። እናንተም ቅዱ፤ ፋይሉን በሰውየው ስምና በቀኑ ሰይሙት።

የሰውን ትዝታ ግን ከሚታወቅ ነገር ጋር አስተያዩ። አንድ ዘመዳችን «በ1946 ጎንደር ጤና ኮሌጅ ገባች» አሉ። ኮሌጁ ሥራ የጀመረው በ1947 ነው፣ እሷም ያኔ ገና 15 ዓመቷ ነበር። ድሬ ላይ ጥሩ ማመሳከሪያ የሚሆኑት ሶስት ጊዜያት ናቸው፤ ጣሊያን የወጣበት 1933፣ የሶማሊያ ጦር የመጣበት ነሐሴ 1969፣ ደቻቱ ወንዝ የሞላበት ሐምሌ 1998። «ከዚያ በፊት ነው በኋላ?» ብቻ ብትሉ ሰው አይሳሳትም።

አሁን ወደ ተበላሸው ልምጣ። የቅጥር ዘመኗን ለማወቅ የግል ማኅደሯ ያለበት መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ማኅደሩ ለባለጉዳይ አይታይም ተባልኩ። ማመልከቻ፣ ከቀበሌ ደብዳቤ፣ ከዚያ «ነገ ና» አራት ጊዜ። በመጨረሻ ማኅተም ያለበት አንድ ገጽ ደብዳቤ ሰጡኝ፤ «ከ22/09/1963 ጀምሮ በነርስነት አገልግለዋል» ይላል። ዓ.ም. አይልም፣ እ.ኤ.አ. አይልም። የመንግሥት ደብዳቤ ስለሆነ በእኛ አቆጣጠር ወሰድኩት፤ ዘጠነኛው ወር ግንቦት ነው ብዬ «ግንቦት 22 ቀን 1963 ተቀጠሩ» ብዬ ጻፍኩ። 150 ቅጂ አሳተምኩ።

በአርባው ዕለት ጽሑፉ ሲነበብ አንድ ጎልማሳ ሰው ተነሡና «ሲስተር እኔን ያዋለዱኝ በ1957 ነው፤ እንዴት በ1963 ተቀጠሩ ይባላል?» አሉ። ድንኳኑ ውስጥ ሌሎችም አጉረመረሙ። 17 ዓመት የደከመች ሴት፣ እኔ ባሳተምኩት ወረቀት 9 ዓመት ብቻ ሠርታለች።

ተመልሼ ሄድኩ። ሌላ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ተረኛ ነበሩ፤ በአሥር ደቂቃ ማኅደሩን አውጥተው አሳዩኝ። የቅጥር ደብዳቤው በሰማያዊ ቀለም «መስከረም 12 ቀን 1955 ዓ.ም.» ይላል። ደብዳቤውን ያዘጋጀው ሰው ማንም ሳይጠይቀው ወደ ፈረንጅ መንዝሮታል። ቀንና ወሩን በትክክል 22/09 አድርጎ፣ ዓመቱ ላይ 8 ደመረበት። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ድረስ ግን ልዩነቱ 7 ነው፤ 8 የሚሆነው ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው 1962 ነበር። እሱ አንድ ዓመት ጨመረ፣ ያልጻፈው «እ.ኤ.አ.» ደግሞ እኔን ሌላ ሰባት አሳሳተኝ። በእሱ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። በራሴ ግን የባሰ ነው፤ ከ1963 ላይ 1931ን ብቀንስ 32 ይመጣ ነበር። ቤተሰቡ በሙሉ ደግሞ በ23 ዓመቷ ሥራ እንደያዘች ያውቃል። አንዲት መቀነስ ነበር የጎደለችኝ።

ስለዚህ «ደብዳቤው በቂ ነው» ቢሏችሁ በቂ አይደለም። ዋናውን ገጽ ካላያችሁ አትጻፉ፤ ከፈቀዱላችሁም በስልክ አንሱት። በመስመር የተከፋፈለ ቁጥር ያለበትን ቀን ሁሉ ከማስተላለፋችሁ በፊት ወሩን በፊደል አስጽፉ። ውጭ ያሉት ዘመዶች በፈረንጅ ብቻ ይሁን ቢሉም፣ የእኛን አስቀድሙና የእነሱን አጠገቡ ጻፉ። ሌላም አለ፤ በሉቃስ ዘመን መጨረሻ ጳጉሜን 6 ስለምትሆን በዮሐንስ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፤ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻም ሁሉም በአንድ ቀን ይገፋል። የስልክ ማስሊያ ከተጠቀማችሁ በዚህ ፈትኑት።

የኅትመቱ ነገር ቀላል ነው። ኤፎር ወረቀት ለሁለት ሲታጠፍ የገጹ ቁጥር በ4 የሚካፈል መሆን አለበት፤ የእኛ 12 ገጽ ነበር፣ ሶስት ወረቀት። ፊደሉን ከ13 አታሳንሱ፣ የሚያነቡት አዛውንቶች ናቸው። በቪዥዋል ግዕዝ፣ በቆየው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም፣ የተጻፈ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ተበላሽቶ ሊከፈት ስለሚችል በፒዲኤፍ ስጡ። በጎርፍ ረጥቦ ከመስታወት ጋር የተጣበቀ ፎቶ ካለ አትላጡት፤ ከነመስታወቱ አንሱት። ካህናቱ ንባቡ እንዲያጥር ይፈልጋሉ፤ ለቀብር ዕለት እውነታቸውን ነው፣ አንድ ገጽ ይበቃል። ለአርባው ግን አላሳጥርም።

ሁለተኛውን እትም ለሙት ዓመቷ 150 አድርጌ አሳትሜ ቤት ለቤት ቀየርኩ። ከመጀመሪያው 11 ቅጂ አልተመለሰም፤ ከዚራና ሳቢያን ሰፈር ያሉ ይመስለኛል። ነጭ የነርስ ቆብ ያደረገች ወጣት በሽፋኑ ላይ ያለችበት መጽሔት እጃችሁ ካለ፣ ገጽ 4 ላይ «ግንቦት 22 ቀን 1963» የሚለውን ሰርዛችሁ «መስከረም 12 ቀን 1955» በሉት።