ባዶ እግር፣ ቀይ አፈርና ስኳር

ጅማ ውስጥ እግሩ ያበጠ ወይም የቆሰለ ሰው ከጎረቤት የሚያገኘው ምክር አንድ ዓይነት ነው፦ «ሙቅ ውሃ ላይ ጨው ጨምርና ዘፍዝፈው።» ምክሩ ለአንዱ እፎይታ ይሰጣል፤ ለሌላው ግን እግር እስከ ማስቆረጥ ያደርሳል። ከላይ ሲታይ ሁሉም እብጠት፣ ማሳከክና ቁስል ነው። መነሻው ግን ሕይወት ያለው ተሕዋስ፣ ሕይወት የሌለው የአፈር ብናኝ፣ ወይም ከውጭ ምንም ሳይገባ ደም ውስጥ የበዛ ስኳር ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ የሚጠየቀው «ይተላለፋል ወይ?» ነው፤ ለሕክምናው ግን የሚጠቅመው «ከየት ጀመረ?» የሚለው ነው።

ከተሕዋሱ እንጀምር። የመንጠቆ ትል እንቁላል ከሰገራ ጋር መሬት ላይ ይወድቃል። እርጥበት፣ ሙቀትና ጥላ ካገኘ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይፈለፈላል፤ ከ5 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ቆዳ በስቶ መግባት የሚችል እጭ ይሆናል። ማናም ሆነ አጋሮ መስመር ያለው የቡና ማሳ ለእጩ ይመቸዋል፤ የረገፈው ቅጠል አፈሩን እርጥብ አድርጎ ያቆየዋል፣ ዛፉ ፀሐዩን ይከልላል፣ ለቀማ ላይ የዋለ ሰው ደግሞ እዚያው ጫካ ውስጥ ይጸዳዳል። እጩ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በጣቶች መሃል ባለው ስስ ቆዳ ነው። የገባበት ቦታ ሽፍ ብሎ ለጥቂት ቀናት ያሳክክና ይጠፋል፤ ባለቤቱም ይረሳዋል። እጩ ግን በደም ተጉዞ ሳንባ ይደርሳል፣ በአየር ቧንቧ ወደ ጉሮሮ ይወጣል፣ ተውጦ ትንሹ አንጀት ላይ ይጣበቃል። በዚህ መሃል ደረቅ ሳል ቢመጣ ከእግር ጋር የሚያገናኘው የለም።

ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ምርመራው ላይ ነው። ማሳከኩ በነበረበት ሳምንት ሰገራ ቢመረመር ምንም አይገኝም፤ ትሉ አድጎ እንቁላል ለመጣል አምስት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። «ነጻ ነህ» ተብሎ የተመለሰ ሰው ከሁለት ወር በኋላ ድካም ቢሰማው እንደገና መመርመር አለበት። ኔካቶር የሚባለው ዝርያ አንዱ ትል በቀን 0.03 ሚሊ ሊትር ገደማ ደም ያስወጣል፤ አንኪሎስቶማ የሚባለው ደግሞ እስከ 0.2። ትንሽ ይመስላል። መቶ ኔካቶር ግን በወር ወደ 90 ሚሊ ሊትር ይወስዳል፤ ሥጋ አልፎ አልፎ ብቻ የሚቀምስ ሰው ያንን ብረት በምግብ መልሶ አይተካውም። ዳገት ላይ ትንፋሽ ማጠር፣ ልብ ድው ድው ማለት፣ የታችኛው የዓይን ሽፋን ውስጡ መንጣት ይከተላል። መድኃኒቱ አልቤንዳዞል ነው፤ 400 ሚሊ ግራም አንዴ ይዋጣል፣ በእርግዝና የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ግን አይሰጥም። ትሉን ያስወጣል እንጂ የፈሰሰውን ደም አይመልስም፤ ደም ማነስ ካለ የብረት እንክብል ለወራት መወሰድ አለበት።

ወደ ዝሆኔ ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል። እዚህ ደጋና ወይና ደጋ ላይ የሚታየው አብዛኛው ዝሆኔ ተሕዋስ የለበትም። ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ነው። በ1970ዎቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ከቀይ ሸክላ አፈር ጋር መያያዙን አሳየ። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረው አፈር ውስጥ ያሉ በጣም ደቃቅ ማዕድናት በባዶ እግር ቆዳ ይገባሉ፤ ነጭ የደም ሴሎች ይውጧቸዋል፣ ማብላላት ግን አይችሉም። ከሰውነት ውስጥ ትርፍ ፈሳሽ የሚያወጣው የሊምፍ ቱቦ ይቆጣል፣ ጠባሳ ያወጣል፣ ይጠባል፤ ፈሳሹም እንደ ተደፈነ ቦይ ወደ ኋላ ይተኛል። በሽታው የሚታየው ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታና በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ባለበት ቀይ አፈር ላይ ነው፤ ጅማ ሦስቱንም ታሟላለች። «የዘር ነው» የሚለው ወሬ ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም፤ ተጋላጭነቱ በቤተሰብ ይወረሳል። ጫማ ያደረገ ልጅ ግን ተጋላጭነቱን ቢወርስም በሽታው አይዘውም። ከሰው ወደ ሰው ስለማይተላለፍም ከታማሚ ጋር ላለመብላት፣ ላለመጋባት የሚሰጠው ምክንያት ሁሉ መሠረት የለውም።

ትንኝ የሚያስተላልፈው ዝሆኔ ሌላ ነው፤ እንደ ጋምቤላ ባሉ ቆላዎች ይገኛል። የአፈሩ ከእግር መዳፍና ጣት ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከጉልበት እምብዛም አያልፍም፣ ሁለቱንም እግር ይይዛል፤ አንደኛው ግን ይብሳል። የትንኙ ብዙ ጊዜ አንድ እግር ላይ ከፍ ብሎ ይታያል፣ ብሽሽትንና የቆለጥ ከረጢትን ያሳብጣል። ያበጠው እግር መዳፍ ስሜት ካጣ ደግሞ ሥጋ ደዌ መታሰብ አለበት፤ በአፈሩ ዝሆኔ ስሜት አይጠፋም።

ለአፈሩ ዝሆኔ መዘፍዘፍ መድኃኒት ነው። በየቀኑ እግሩን በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ከጣት መሃል እስከ ቆዳው እጥፋት ማጠብ፤ ከዚያ 6 ሊትር ውሃ ላይ 5 በመቶ የሆነ በረኪና ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሊትር ጨምሮ ለ15 ደቂቃ ያህል መዘፍዘፍ። የገበያው በረኪና ጥንካሬው ስለሚለያይ ጠርሙሱ ላይ ያለው መጠን ይነበብ፤ ያልተበረዘው ቆዳ ያቃጥላል። በንጹሕ ጨርቅ የጣት መሃል ሳይቀር ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ ካልሲና ሽፍን ጫማ ማድረግ፣ ሲቀመጡ እግርን ከፍ አድርጎ ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስ። ኮንጎ ጫማ ከባዶ እግር ይሻላል፣ ግን ያልባል፤ ማታ ማታ ታጥቦ ይድረቅ። ሸበጥ ከአፈር አያድንም።

ተሕዋሱ የሚመለሰው በዚህ መሃል ነው። የተሰነጠቀ ቆዳ ለባክቴሪያ በር ይከፍታል፤ እግሩ በድንገት ይቀላል፣ ይግላል፣ ትኩሳትና ንፍፊት ይመጣል፣ ሰውየው ለቀናት ይተኛል። እያንዳንዱ ግርሻ እብጠቱን ያባብሰዋል። ያኔ እግሩ ላይ ፋሻ ታስሮ ከነበረ ይፈታል፣ እግር ከፍ ይደረጋል፣ ፓራሲታሞል ይወሰዳል፤ ፀረ ባክቴሪያ የሚያስፈልግ መሆኑን ጤና ጣቢያ ይወስናል።

ስኳር ያለበት ሰው ግን ከላይ የተጻፈውን የመዘፍዘፍ ምክር አይከተል። ለዓመታት ከፍ ብሎ የኖረ ስኳር የእግር ነርቮችን ይጎዳል፤ መጀመሪያ ይቆረጥማል፣ ያቃጥላል፣ በኋላ ይደነዝዛል። የደነዘዘ እግር የውሃውን ግለት አይለይም፤ ቆዳው ተልጦ እንኳ ባለቤቱ የሚያውቀው ካልሲው ሲረጥብ ነው። ምድጃ ዳር መሞቅም እንደዚያው ነው። ረዥም መዘፍዘፍ ቆዳውን አለስልሶ ንቃቃቱን ያሰፋዋል። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ባንድ ላይ ይከፋል፦ ጠባብ የደም ሥር ኦክስጅን አያደርስም፣ በስኳር የተዳከሙ ነጭ ሴሎች ባክቴሪያ አያሸንፉም፣ የተዋጠው መድኃኒትም የሚጓዘው በዚያው በጠበበ የደም ሥር ነው። ለሌላው ሰው በሳምንት የሚድን ጭረት እዚህ አጥንት ድረስ ይዘልቃል።

ስለዚህ ለብ ባለ ውሃ ፈጠን ብሎ መታጠብ፣ ግለቱን በክርን ወይም በሌላ ሰው እጅ መፈተሽ። ቅባት ለተረከዝ ይሁን፣ ጣት መሃል ግን አይግባ። ጥፍር ቀጥ ተደርጎ ይቆረጥ። ጫማ ከማጥለቅ በፊት እጅ አስገብቶ ጠጠር ወይም ወጣ ያለ ስፌት መፈለግ፤ ማታ መዳፉን በመስታወት ወይም በቤተሰብ ማየት። የማያመው ቁስል ከሚያመው ይልቅ ያስፈራል፤ በዚያው ቀን ይታይ።

ስኳር እንዳለበት የማያውቅ ብዙ ነው። ሳይበሉ በተሠራ ምርመራ 126 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትርና ከዚያ በላይ በሁለት የተለያዩ ቀናት ከታየ ስኳር ነው። እግሩ ላይ ቁስል አልድን ያለው ሰው ጨው ውስጥ ከመዘፍዘፉ በፊት ይህን ይመርመር።