ዝናብ ሲመጣ የሚያኮርፈው የዝናብ መጥረጊያዬ

የቶዮታ መኪናዬ፣ የዲኤክሴ፣ የዝናብ መጥረጊያ በፀሐይ ጎበዝ ነው። የሚያኮርፈው ዝናብ ሲመጣ ነው። ባለፈው ነሐሴ ከወረታ ወደ ባሕር ዳር ስመለስ፣ ሐሙሲትን እንዳለፍኩ ዶፍ ወረደ፣ መጥረጊያው ሁለት ሦስቴ እየተጎተተ ሄዶ መስታወቱ መሀል ላይ ቀጥ አለ። ዳር ይዤ አርባ ደቂቃ ያህል ተቀመጥኩ። በማግስቱ ጠዋት ስሞክረው ምንም እንዳልተፈጠረ ሽው ሽው ይላል።

ፊውዙን አየሁ፣ ደህና ነው። ለነገሩ የተቃጠለ ፊውዝ አድሮ አይድንም፣ ዝም ብዬ ነው የደከምኩት። ጋራዥ ወሰድኳት። ልጁ የሞተሩን ሶኬት ነቅሎ በቴስተር ለካ፣ 12 ቮልት አሳየ። «ኮረንቲ ይደርሰዋል፣ ሞተሩ ነው የሞተው» ብሎ ፈረደ። አምኜ ያገለገለ ሞተር ገዝቼ አስገጠምኩ። ሁለት ቀን ሠራ። በሦስተኛው ቀን ዘነበ፣ ቆመ።

ጎረቤቴ ጋሼ ወደ ዘጌ የሚመላለሱ ጀልባዎችን ሞተር ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ነገሩን ስነግራቸው ሳቁብኝ። «አንተ ልጅ፣ ስለ ፖዘቲቩ ብቻ ነው የምታወራኝ፤ እኔ ጀልባ ላይ ቀድሜ የማየው ኔጋቲቩን ነው» አሉ። ኮፈኑን ከፈትን። መስታወቱ ላይ በሃይላንድ ውሃ አፈሰስኩ፣ ምክንያቱም በደረቅ መስታወት ላይ ማስኬድ ጎማውንም መስታወቱንም ይፈጃል። መጥረጊያው ትንሽ ሄዶ ቆመ። ጋሼ ቁራጭ ሽቦ ከባትሪው ኔጋቲቭ አምጥተው የሞተሩን ብረት ነኩት። ተነስቶ ሮጠ! ሽቦውን ሲያነሱ ቆመ። ሲነኩት ሮጠ።

የሞተሩን ኔጋቲቭ ከመኪናው ቦዲ ጋር የሚያስረውን ብሎን በ10 ቁልፍ ፈታሁት። ሥሩ ያለው የሽቦ ጫፍ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ለብሷል፣ በጥፍሬ ስጭረው ይረግፋል። ታዲያ ቴስተሩ ለምን 12 አሳየ? ሶኬቱ ተነቅሎ ስትለካ ምንም ኮረንቲ የሚጎትት ነገር ስለሌለ የዛገ መገናኛም ደህና ይመስላል። ሞተሩ መጎተት ሲጀምር ነው ጉዱ የሚወጣው። ሶኬቱ ተሰክቶ፣ ማብሪያው በርቶ፣ በሞተሩ ብረትና በባትሪው ኔጋቲቭ መካከል ለኩ። ቁጥሩ ወደ ዜሮ ካልቀረበ ችግሩ ኔጋቲቩ ጋ ነው። የእኔ 4 ቮልት ነበር።

ውሃውስ ከየት መጣ? መኪናዬ የምታድረው ዋርካ ሥር ነው። ከመስታወቱ ግርጌ ያለውን የውሃ መውረጃ ቅጠል ደፍኖት፣ ዝናቡ ሞልቶ ቀጥታ ሞተሩ ላይ ይፈስ ነበር። በእጄ እየዛቅሁ አንድ ፌስታል ሙሉ ብስባሽ አወጣሁ፣ ሽታውን አልነግራችሁም።

የቀረው ቀላል ነው። ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግሁት፣ አጥብቄ አሰርኩት፣ ግራሶ ቀባሁት፣ ከሞተሩ እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ አንድ ተጨማሪ ሽቦ ዘረጋሁ። መጥረጊያውን የሚያንቀሳቅሱት የብረት ዘንጎች መገጣጠሚያም ደርቆ ነበር፣ ዘይት ጠብ አደረግሁበት። ያኔ ነው ሞተሩ ሲሠራ ይግል የነበረው ለምን እንደሆነ የገባኝ፤ የደረቁት ዘንጎች ከብደውት ነው።

የድሮውን ሞተር መልሼ ገጠምኩት፣ እስካሁን ይሠራል። የገዛሁት አልጋ ሥር ተቀምጧል። ልመልሰው ሄጄ ነበር፣ ሻጩ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አሳየኝ፦ «የኤሌክትሪክ ዕቃ አይመለስም»።