ገላን እየኖርኩ የዓለም አቀፍ ንግድ ሕግ ማስተርስን ያጠናሁበት መንገድ

የዓለም አቀፍ ንግድ ሕግ ማስተርሴን የተማርኩት ገላን እየኖርኩ፣ ቀን እየሠራሁ፣ ማታና ቅዳሜ ክፍል እየገባሁ ነው። በዚህ ሁኔታ ለሚጀምሩ ሰዎች አስቀድሜ የምለው፣ ስምምነቶቹን ከመግቢያቸው ጀምራችሁ በተራ ለመጨረስ አትሞክሩ። ሁለት የንግድ ፋይል አዘጋጁና የምትማሩትን ሁሉ በእነሱ ላይ ፈትኑት።

የእኔ ፋይሎች ከሰፈሬ መንገድ የተቀዱ ናቸው። በአንደኛው ዱከም ያለ ፋብሪካ ከሻንጋይ ማሽን ይገዛል፤ በሁለተኛው አንድ ላኪ ለሃምቡርግ ገዢ ሰሊጥ ይሸጣል። በየፋይሉ ፕሮፎርማ፣ የሽያጭ ውል፣ ኢንቮይስ፣ ፓኪንግ ሊስት፣ ቢል ኦፍ ሌዲንግ (የመርከብ ጭነት ሰነድ) እና የኤልሲ (ባንክ ሰነድ ሲቀርብለት ለሻጩ ለመክፈል የሚገባው ግዴታ) ቅጂ አስገባሁ። ቃሊቲ አካባቢ የሚሠራ የጉምሩክ አስተላላፊ የምታውቁ ከሆነ ስምና ዋጋ የተሸፈነበት ቅጂ ጠይቁት። ሰነዱን በእጁ ይዞ ያላየ ተማሪ የኤልሲን ትምህርት ይሸመድደዋል እንጂ አይገባውም።

ማንኛውንም ጥያቄ የምሠራው በአንድ ቅደም ተከተል ነው። ክርክሩን የሚሰማው ማን ነው፣ የትስ ነው? ውሉን የሚገዛው የየትኛው አገር ሕግ ነው? በዚያ ሕግ ውስጥ ዓለም አቀፍ ስምምነት ይገባል ወይ? አንቀጹ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ብዙ ተማሪ በአንቀጹ ይጀምራል፤ ፈተና ላይ ነጥብ የሚቀነሰውም እዚያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1980 ቪየና ላይ የተፈረመው የዕቃ ሽያጭ ስምምነት (ሲአይኤስጂ) ይህን በደንብ ያሳያል። 101 አንቀጾች አሉት፤ ከ1988 ጀምሮም ይሠራል። ኢትዮጵያ አባል አይደለችም። ስለዚህ የሁለቱም ወገን አገሮች አባል መሆን አለባቸው የሚለው አንቀጽ 1(1)(ሀ) ለእኛ ነጋዴዎች በር አይከፍትም። በር የሚከፍተው (ለ) ነው፦ የግል ዓለም አቀፍ ሕግ ደንቦች (የየትኛው አገር ሕግ እንደሚሠራ የሚወስኑት) ወደ አባል አገር ሕግ ሲመሩ። የሃምቡርጉ ውል «የጀርመን ሕግ ይገዛዋል» ካለና ክርክሩ ጀርመን ፍርድ ቤት ከቀረበ ስምምነቱ አብሮ ይገባል፤ የጀርመን ሕግ አካል ነውና። ላኪው ይህን ካልፈለገ በአንቀጽ 6 መሠረት ስምምነቱን በውሉ ውስጥ በስሙ ጠርቶ ማስቀረት ይሻለዋል። የሻንጋዩ ፋይል ግን ሌላ ነው። ቻይና በአንቀጽ 95 መሠረት በ1(1)(ለ) እንደማትገደድ አስታውቃለች፤ ስለዚህ «የቻይና ሕግ» ብሎ መጻፍ ብቻውን አስተማማኝ አይደለም። ተዋዋዮቹ ስምምነቱን ከፈለጉት ስሙን በውሉ ውስጥ ያስፍሩት። ይህን ልዩነት በሁለቱ ፋይሎች ላይ ጎን ለጎን ሳልሠራው አንቀጽ 95 ባዶ ቁጥር ሆኖ ይቀርብኝ ነበር።

ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ቦታ የዚሁ ስምምነት አንቀጽ 35 ነው፤ ዕቃው ከውሉ ጋር መግጠም አለበት የሚለው። የጀርመን ከፍተኛው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1995 በወሰነው የኒውዚላንድ ሙሰል (ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል ያለው የባሕር እንስሳ) ጉዳይ፣ ሻጭ የገዢውን አገር የጤና ደንብ ሁሉ ማወቅ እንደማይጠበቅበት ተናግሯል። ገዢው በግልጽ ካልነገረው ወይም ልዩ ሁኔታ ከሌለ በቀር ማለት ነው። ሰሊጥ ወይም ቡና ለሚልክ ኢትዮጵያዊ ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም ፍርድ ጥቂት ነው፤ የጸረ ተባይ ቅሪት ክርክር ሲነሳ መጀመሪያ የሚፈለገው ውሉ ውስጥ ምን ተጻፈ የሚለው ነውና። ከእሱ ጋር 38ንና 39ን አብራችሁ አንብቡ። ገዢው ዕቃውን ሳይዘገይ መመርመር፣ ጉድለቱንም በተገቢ ጊዜ ማሳወቅ አለበት፤ የመጨረሻው ወሰን ዕቃው እጁ ከገባ 2 ዓመት ነው።

ከአቅም በላይ የሆነ ኃይልን ስታጠኑ ሦስቱን በአንድ ገጽ አስቀምጡ፦ የሲአይኤስጂ 79፣ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን 1792 እና 1764። የእኛ 1792 ባለዕዳውን ፍጹም የሚያግድ ነገር ይፈልጋል። 1764 ደግሞ ሁኔታው ተለውጦ ግዴታው ስለከበደ ብቻ ውሉ እንደማይናወጥ ይናገራል። የምንዛሪ ዋጋ ተለወጠ ብሎ 1792ን መጥቀስ የተለመደ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ግን ቦታው እሱ አይደለም።

ኢንኮተርምስ 2020 (ወጪና ኃላፊነት ከሻጭ ወደ ገዢ የት እንደሚሻገር የሚወስኑ የንግድ ቃላት) ውስጥ 11 ደንቦች አሉ፤ አራቱ ለባሕርና ለአገር ውስጥ የውኃ መንገድ ብቻ ናቸው። ላኪዎቻችን «ኤፍኦቢ ጅቡቲ» ብለው ይሸጣሉ። ዕቃው መርከብ ላይ እስኪጫን ድረስ ኃላፊነቱ የሻጩ ስለሆነ፣ በየብስ የሚጓዘው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ሁሉ በእሱ ጫንቃ ላይ ነው። ለኮንቴይነር ኤፍሲኤ፣ ማለትም ሻጩ ዕቃውን ገዢው ለመረጠው አጓጓዥ የሚያስረክብበት ደንብ፣ ይሻላል። የ2020ው ኤፍሲኤ ገዢው አጓጓዡን «ተጭኗል» የሚል ቢል ኦፍ ሌዲንግ ለሻጩ እንዲሰጥ እንዲያዝለት መስማማት ያስችላል፤ ስለዚህ ኤልሲም አያስቸግርም።

ኤልሲን በዩሲፒ 600 (ባንኮች ለኤልሲ በሚጠቀሙበት ዓለም አቀፍ ደንብ) ስታጠኑ ባንክ ሰነድ እንጂ ዕቃ እንደማያይ አትርሱ። ባንኩ ለምርመራ ቢበዛ 5 የባንክ የሥራ ቀን አለው። ዋናው የጭነት ሰነድ ካለ ሻጩ ከጭነት በኋላ በ21 ቀን ውስጥ፣ ኤልሲው ሳያልቅ ማቅረብ አለበት። በኢንቮይሱ ላይ ያለው የዕቃ መግለጫ ከኤልሲው ጋር መግጠም ግድ ነው፤ በሌሎቹ ሰነዶች ላይ የማይጋጭ ጥቅል አጠራር ይበቃል።

ስለ ንባቡ ራሱ ብዙ የሚባል የለም። መብራት ስለሚጠፋ ስምምነቶቹን አሳትሜ አስጠርዤ ነበር የማነበው። የፍርድ ማጠቃለያዎችን ከአንሲትራል ክላውት፣ ከዩኒሌክስና ከሲአይኤስጂ ኦንላይን ድረ ገጾች ኢንተርኔት ባለበት በነፃ አወርዳለሁ። ፍሬ ነገሩንና ውሳኔውን በራሴ ድምፅ በስልክ ቀድቼ ታክሲ ውስጥ እሰማለሁ።

ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕሱን አጥብቡት። «ግልግል ዳኝነት በኢትዮጵያ» መጽሐፍ እንጂ ቴሲስ አይሆንም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2020 የውጭ አገር የግልግል ውሳኔዎችን ስለማስፈጸም የወጣውን የ1958ቱን የኒውዮርክ ስምምነት ስትቀበል (አዋጅ ቁጥር 1184/2012) ሦስት ገደብ አስቀምጣለች፦ በአጸፋ (በሌላ አባል አገር ለተሰጡ ውሳኔዎች ብቻ)፣ ለንግድ ጉዳይ ብቻ፣ ከመቀበሏ በፊት ለነበሩ የግልግል ስምምነቶችና ውሳኔዎች አይሠራም። ከሦስቱ አንዱን ብቻ ከግልግል ዳኝነቱ አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ጋር አገናኝቶ መመርመር ለአንድ ጽሑፍ ይበቃል። ፕሮፖዛሉን ከማስገባታችሁ በፊት የሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎች የታተሙባቸውን ቅጾች ፈትሹ፤ በርዕሱ ላይ ፍርድ ካለ ምዕራፍ ሁለታችሁ እዚያ ይጀምራል፣ ከሌለም ጥያቄያችሁን ሕጉን በማነጻጸር ላይ አድርጉት።