4 ተባልኩ፣ 1.9 አገኘሁ

ላፕቶፑን የገዛሁት ፒያሳ ነው፤ ያገለገለ። ሻጩ አይ7 የምትለዋን ስቲከር በጣቱ ነካ ነካ እያደረገ «ወንድሜ፣ እስከ 4 ጊጋኸርዝ ይሄዳል። ቪዲዮ ይበላልሃል» አለኝ። ሰርግ ቀርጾ ማቀናበር እንጀራዬ ነውና ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ? ከፍዬ ወደ አራት ኪሎ ይዤው ወጣሁ።

የመጀመሪያውን ሰርግ ኤክስፖርት ሳደርግ፣ ማለትም ያቀናበርኩትን ወደ አንድ ቪዲዮ ሳወጣ፣ ሦስት ሰዓት ፈጀ። ማሽኑ ምን እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን ታስክ ማናጀር ከፍቼ አየሁ፤ የፕሮሰሰሩ፣ የላፕቶፑ አንጎል፣ ፍጥነት 1.9 ጊጋኸርዝ። ተሸወድኩ አልኩ። በማግስቱ ሻጩ ጋ ሄጄ ድምፄን ከፍ አደረግሁበት። እሱ እቴ! ላፕቶፑን አስነስቶ፣ ምንም ሥራ ሳያዘው ታስክ ማናጀሩን አሳየኝ። 3.9። «ይኸው!»

እሱም አልዋሸም፣ እኔም አልዋሸሁም። ይህ እስኪገባኝ ግን ሳምንታት ወሰደብኝ።

ፕሮሰሰሩ የኢንቴል ኮር አይ7-8550ዩ ነው። ኢንቴል ራሱ እንደሚተረጉመው፣ 4.0 ማለት አንድ ኮር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚሠራ ክፍል) ብቻውን ሊደርስበት የሚችለው ጣሪያ ነው። ኤክስፖርት ላይ ግን አራቱም ኮሮች አብረው ይለፋሉ። ዝርዝሩ ውስጥ ብዙ ሰው የማያነበው ሌላ ቁጥር አለ፤ 1.8 ጊጋኸርዝ፣ በ15 ዋት። መነሻው ፍጥነት እሱ ነው። ስለዚህ የኔ 1.9፣ ቢያናድደኝም፣ ከመነሻው በላይ ነበር። የልብስ ሱቅ መስኮት ላይ «እስከ 50 በመቶ ቅናሽ» ሲል «እስከ» የምትለዋን እንጠረጥራታለን። ላፕቶፕ ላይ ስናያት ዝም ብለን እናልፋታለን።

ቢሆንም 1.9 ያንሳል። ሙቀትና ዋት የሚያሳይ ኤችደብሊውኢንፎ የተባለ ነፃ ፕሮግራም ጫንኩ። ኤክስፖርቱን ስጀምር ፍጥነቱ 3.2 ይሆናል፤ አሥር ሰከንድ ሳይሞላ ሙቀቱ 97 ዲግሪ ይደርስና ፍጥነቱ ይወድቃል። ፕሮሰሰሩ 100 ዲግሪ ላይ ራሱን ለማዳን ፍሬን ይይዛል፤ ላፕቶፕ ሠሪው ደግሞ ገደቡን ከዚያም ዝቅ ሊያደርገው ይችላል።

ስታዲየም አካባቢ ያለ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ ከፍቶ ከፋኑና ሙቀቱን ከሚያስወጣው ብረት፣ ከሂትሲንኩ፣ መሀል ባዘቶ የሚመስል አቧራ ጎትቶ አወጣ። ሰፈራችን ግንባታ ከበዛበት ወዲህ አቧራ እንደ ቅርብ ጎረቤት ሳያንኳኳ ነው የሚገባው። ሙቀት የሚያስተላልፈውን ቅባት፣ የደረቀውን ቴርማል ፔስትም ቀየረልኝ። ሙቀቱ ወደ 78 ወረደ። ደስ አለኝ። አሁን 3.2 ላይ ይቆያል ብዬ ቤት ስገባ፣ ቆየልኝ፤ ለ28 ሰከንድ! ከዚያ ወደ 2.3 ዝቅ አለ። ደገምኩት፤ 28። በስልኬ ሰዓት ያዝኩ፤ ያው 28። ማሽኑ ደግሞ ገና አልጋለም።

የሁሉ ነገር ቁልፍ እዚህ ጋ ነበር። ፕሮሰሰሩ ሁለት የኃይል ገደብ አለው። ለአጭር ጊዜ ብዙ ዋት እንዲበላ ይፈቀድለታል፤ የኔ 30 ገደማ ይበላ ነበር። የተሰጠው ጊዜ ሲያልቅ፣ ቀዝቃዛም ሆነ ትኩስ፣ ወደ 15 ዋት ይመለሳል። ገደቡን የሚወስነው ላፕቶፕ ሠሪው ነው። አንድ ዓይነት ፕሮሰሰር ቀጭን ላፕቶፕ ውስጥና ወፍራም ላፕቶፕ ውስጥ አንድ ዓይነት የማይሆነው ለዚህ ነው።

ዋቱ ካልጨመረ፣ በዚያው ዋት ብዙ ማሠራት ነው የቀረኝ። የሚበላው ኃይል ቮልቴጁ ላይ በጣም ይንጠለጠላል፤ በቮልቴጁ ስኩዌር ልክ ነው የሚያድገው። ስለዚህ ትሮትልስቶፕ በሚባል ፕሮግራም ቮልቴጁን መቀነስ ጀመርኩ። ቸኮልኩና በአንዴ 130 ሚሊቮልት ቀነስኩ። የአንዲት ሙሽራ ቪዲዮ 80 በመቶ ላይ ሲደርስ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ማሽኑ ቆመ። ኦሪጅናሉ ስላልተነካ እንጂ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ አታገኙኝም ነበር። ከዚያ ወዲህ በአሥር በአሥር ሚሊቮልት እየቀነስኩ ሄድኩ፤ 80 ሚሊቮልት ስቀንስ ረጋ። ፍጥነቱ 2.6 ሆነ፤ ሦስት ሰዓት የፈጀው ሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ አካባቢ ገባ። ይህን ግን ሁሉም ላፕቶፕ አይፈቅድም። በ2019 መጨረሻ ፕላንደርቮልት የተባለ የደኅንነት ክፍተት ይፋ ከሆነ በኋላ ብዙ ሠሪዎች በባዮስ (ላፕቶፑ ሲነሳ መጀመሪያ በሚሠራው ፕሮግራም) ማሻሻያ ዘግተውታል።

ሁለት ነገር ልጨምር። መብራት ሲጠፋ በባትሪ ኤክስፖርት አታድርጉ፤ ብዙ ላፕቶፖች በባትሪ ሲሆኑ ገደቡን ይቀንሳሉ። ርካሽ ቻርጀርም ገዝቼ ነበር። ማሽኑ አላወቀውም መሰለኝ ፍጥነቱን 0.4 ላይ ቆለፈው። ማውሱ ራሱ እየተንፏቀቀ ነበር የሚሄደው።

ከፍታችንም አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ውሃ እዚህ 92 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላው አየሩ ስስ ስለሆነ ነው። ፋኑም በዚያው ፍጥነት እየዞረ የሚገፋው አየር ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያነሰ ነው። ባሕር ጠረፍ ከተማ ላይ የተለካ ውጤት አይታችሁ ጓጉታችሁ ከሆነ ትንሽ ቀንሱለት።

ባለፈው ጓደኛዬ ላፕቶፕ ሲገዛ አብሬው ሄድኩ። ሻጩ ስለ ጊጋኸርዝ ማውራት ሲጀምር፣ «ሳንከፍል ለአሥር ደቂቃ ከባድ ሥራ እናሠራው» አልኩት። ጓደኛዬን አየው፣ እኔን አየኝ።

«ልትገዙ ነው ወይስ ልትውሉ?» ብሎ ወንበር ሳበልን።