ሦስት ምሽት ከአንድ ብርቱካናማ ቁጥር ጋር

አባቴ አንድ አሮጌ ፎቶ አምጥቶ «ይህን ቁጥር አጥፊልኝ፤ ውሸት ነው» አለኝ። እሱና እናቴ እዚሁ ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ሐይቁ ዳር የተነሡት ነው። ከታች በቀኝ ጥጉ በኩል በብርቱካናማ ቀለም «98 7 12» ይላል። አባቴን የሚያናድደው 98 የሚለው ዓመት ነው፤ እኔ የተወለድኩት በ1992 ሲሆን፣ በፎቶው ላይ ግን ገና ልጅ የላቸውም። ካሜራው ተበላሽቶ ነበር ብሎ ካመነ ቆይቷል።

እንዲህ ያለውን ቁጥር በካሜራው የጀርባ ክዳን ውስጥ ያሉ ጥቃቅን መብራቶች ፊልሙ ላይ ያትሙታል። ስለዚህ ኔጋቲቩ ተገኝቶ እንደገና ቢታጠብ እንኳ አብሮ ይወጣል። ፎቶውን በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ስካን አድርጌ ጂምፕ በሚባለው የፎቶ ማረሚያ ፕሮግራም ከፈትኩት፤ በነጻ ይገኛል፣ አሮጌው ኮምፒውተሬም ይችለዋል።

የመጀመሪያው ምሽት ከሸፈ። ከአንድ ቦታ ገልብጦ ሌላ ቦታ ላይ የሚቀባውን የክሎን መሣሪያ ይዤ፣ ኮንትሮልን ተጭኜ ንጹሕ ውኃ ላይ ጠቅ አደረግሁና «7» ላይ ቀባሁ። ቁጥሩ ጠፋ፤ አንዲት ሞገድ ግን እንደ ማኅተም ሦስት ቦታ ተደግማ ቁጭ አለች። ለካ «አላይንመንት» የሚለው ምርጫ «ነን» (None) ላይ ኖሯል፤ እንዲህ ሲሆን ብሩሹን አንሥቼ በጀመርኩ ቁጥር ቅጂው ከዚያው ከመጀመሪያው ነጥብ ይነሣል። «አላይንድ» ሳደርገው ምንጩ ከእጄ ጋር እኩል ይሄድ ጀመር። ይባስ ብሎ የሠራሁት በዋናው ምስል ላይ ነበር፤ አስቀምጬም ዘግቼዋለሁ። እንደገና ስካን!

በሁለተኛው ምሽት ሌየሩን (ምስሉ ያረፈበትን፣ እንደ ስስ ወረቀት የሚደራረበውን ንጣፍ) አባዝቼ በቅጂው ላይ ብቻ ሠራሁ፤ መሣሪያውንም ወደ ሂል ቀየርኩ። ክሎን ያለውን እንዳለ ይገለብጣል፤ ሂል ግን የምንጩን ሸካራነት ወስዶ ቀለሙንና ብርሃኑን ከሚያርፍበት ቦታ ጋር ያስማማል። ውኃው ላይ ግሩም ነው። «98» ግን የአባቴን ጥቁር ኮት ጠርዝ ይነካ ስለነበር፣ ሂል ኮቱንና ሐይቁን አደባልቆ ጥላሸት አስመሰላቸው። ያዋጣኝ መንገድ ይኸው፦ መጀመሪያ ጠርዙን ጠንካራ ብሩሽ ባለው ክሎን ከላይ ወደ ታች መልሶ መሥራት፣ ከዚያ ሂልን ከጠርዙ ራቅ አድርጎ መጠቀም። በቁጥሩ ዙሪያ የሚቀረውን ብርቱካናማ ጭጋግም አትርሱ፤ ከቁጥሩ ትንሽ አልፋችሁ ቅቡ።

«12» ያረፈው አባ ኮዳ እግር ላይ ነበር። ወፉ በገዛ ኩሱ እግሩን ነጭ ስለሚቀባ የእኔ ቅብ ከእሱ ቅብ አይለይም።

በሦስተኛው ምሽት ዋናውን በ400 ፐርሰንት አጉልቼ ከቅጂው ጋር ሳስተያይ «7» ላይ ዓይኔ ቀረ። ሰባተኛው ወር መጋቢት ነው፤ እናቴ ግን ጃንጥላ ይዛለች፣ ሰማዩም የክረምት ሰማይ ነው። ካሜራው የሚቆጥረው በፈረንጆቹ ኖሯል! ጁላይ 12 ቀን 1998፤ በእኛ ሐምሌ 5 ቀን 1990። ሮጬ እናቴን ጠየቅኋት።

«ጴጥሮስ ወጳውሎስ ነዋ፤ ጾም የተፈታ ዕለት» አለች ሽንኩርቷን እየከተፈች። «እኔን ማን ጠየቀኝ?»

አባቴ የጸዳውን ፎቶ ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። ከዚያ «ቁጥሩን መልሺው» አለ።

የላይኛውን ሌየር የሚሰውረውን የዓይን ምልክት ጠቅ አደረግሁ።