ቦይለሩን አስፈትቼ ነገር አመጣሁ

ዛሬ ከነጋ ጀምሮ ድብርት ብጤ ይዞኛል፣ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ የታኅሣሥ ብርድ ነው እንበልና እንለፈው። እንዲህ ሲያደርገኝ ቤት ውስጥ የሆነ ነገር ካልነካካሁ አይለቀኝም፣ ስለዚህ መጥታችሁ ባደራችሁ ቁጥር የምታሙትን ቦይለር አስፈተሽኩት፣ እንኳን ደስ ያላችሁ።

ልጁ ብሬከሩን አጥፍቶ ውሃውን አፈሰሰና ከስር ያሉትን ቡሎኖች ፈትቶ ሬዚስታንሱን፣ ውሃውን የሚያሞቀውን ብረት ማለት ነው፣ ሲያወጣው በስመአብ ነው ያልኩት። ነጭ ድንጋይ ለብሷል። በካቻቢቴ ጫፍ ነካ ሲያደርገው ቅርፊት ቅርፊቱ እየተነሳ ባልዲው ውስጥ ይረግፋል፣ ከጋኑ ስር ደግሞ ቡናማ ዝቃጭ በእፍኝ ወጣ። ውሃው ሲሞቅ የሚተወው ኖራ ነው አሉ፣ ሬዚስታንሱ መጀመሪያ እሱን አሙቆ ነው ለውሃው የሚደርሰው፣ መብራቱን የሚበላውም ለዚህ ነው። ከጎኑ አኖድ የሚሉት የማግኒዚየም ዘንግ አለ፣ ዝገቱ የጋኑን ብረት ትቶ እሱን እንዲበላ ተብሎ የሚገባ፣ የኔው አልቆ መሃሉ ያለው ሽቦ ብቻ ቀርቷል። አዲስ ገባለት። ሙቀቱን የሚወስነው ቴርሞስታት ጥግ ድረስ ተጠምዝዞ ነበር፣ 60 ዲግሪ ላይ መለሰው፣ ከዛ ሲያልፍ ኖራው ይብሳል፣ በጣም ዝቅ ካለ ደግሞ ባክቴሪያ ይራባል። ቫልቩ ሲሞቅ ጠብ ጠብ ማለቱ ጤና ነው፣ ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፣ የት ይሂድ፣ እንዳትደፍኑት። ውጭ ውጭውን ዞሮ የሚመጣውን ቧንቧ ደግሞ በስፖንጅ ጠቅልልልኝ ብዬው ነገ እመጣለሁ ብሎ ሄደ፣ ነገ የሚለው የትኛውን ነገ እንደሆነ እናያለን።

ብቻ ልጁ ያቺን ዘንግ እያሳየኝ «የዚህ ስራው መበላት ነው» ሲል እኔ የት እንደሄድኩ አላውቅም፣ እታለም ትዝ አለችኝ።

ቅዳሜ ማታ እኛ ቤት ውሃ የምታሞቀው ማን ነበረች? ትልቁን ድስት ከሰል ላይ ጥዳ ታራግባለች፣ ጎንደር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃው የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው ይባላል ግን ለገላ እሱም ቢሆን ይልጣል፣ ቀዝቃዛ እየደባለቀች፣ በክርኗ እየለካች፣ መጀመሪያ ለአባባ፣ ከዛ ለእኔ፣ ከዛ ለትንሹ። እኔ ሳፋው ውስጥ ቁጭ ብዬ «ጨምሪ፣ ቀዘቀዘ!» እያልኩ የምጮህ ልዑል ነበርኩ። እሷ የምትታጠበው መጨረሻ ላይ ነው፣ ከሰሉ አመድ ከሆነ በኋላ።

ፋሲል ግቢ ውስጥ ያለውን ወሸባ ታውቁት የለ፣ የቤተ መንግስቱ ሰዎች በእንፋሎት የሚታጠኑበትን። ከትምህርት ቤት ሲወስዱን እሳት የሚነድበትን ቦታና ጣሪያው ላይ ያሉትን የእንፋሎት መውጫ ቀዳዳዎች አይተናል። ስለ ንጉሡ ብዙ ጠየቅን፣ እንጨቱን ማን ይማግድ እንደነበር የጠየቀ ልጅ ግን ትዝ አይለኝም፣ እኔማ ሃሳቤ ያለው የምሳ እቃዬ ላይ ነው። የሚማግደው ሰውዬስ አንድ ቀን እንኳን ገብቶ ላቡን አውጥቶ ያውቅ ይሆን? እንዲህ እያልኩ ሳስብ ቆየሁና አላስችል ሲለኝ ስልኩን አነሳሁ።

«እታለም፣ ያኔ ለምንድነው ሁሌ መጨረሻ የምትታጠቢው የነበረው?»

«ምነው፣ ጠጥተሃል እንዴ?»

«ኧረ አልጠጣሁም፣ የምሬን ነው።»

ዝም አለች፣ ከዛ በሳቅ ፈረሰች። «አንተ ልጅ፣ ሁላችሁም ከተኛችሁ በኋላ በሩን ዘግቼ ብቻዬን የምሆንበት ሰዓት እኮ እሱ ብቻ ነበር፣ ማን ይነካኛል። ደሞ ትኩሱን አንድ ጆግ ለራሴ ከማዕድ ቤት በር ኋላ ደብቄ አስቀምጥ አልነበር!»

ይሄን ልመነው? አንድ ጆግ ሙሉ ትኩስ ውሃ እኛ ቤት ተደብቆ ያውቃል? ትንሹ እንደሆነ የተደበቀ ነገር ማሽተት ስራው ነበር። ግን ደግሞ ሳቋ የእውነት ነው፣ እሷ ደግሞ ሰው እንዳይከፋው ብላ ስትዋሽ ጥሩ አድርጋ ነው የምትዋሸው፣ አባባ ሲታመም ያያችሁ ታውቃላችሁ። ሁለቱን እየመዘንኩ ነው ያለሁት፣ እስካሁን ወደየትም አላጋደለም።

አንጀቴን ስትበላኝ ጊዜ ቦይለር ልግዛልሽ አልኳት።

«ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቦይለሩ ምን ሊያሞቅልኝ ነው? ከገዛህ አይቀር ሮቶ ግዛልኝ፣ ትልቁን» አለችና ዘጋችው።

የሮቶ ዋጋ አጠያየቅኩ። ምነው የልጅነት ነገር ባልጠየቅኳት!